አስቀድሞ የተመታ ማኅተም

አብዮቱ በፈነዳ በአራተኛው ዓመት፣ ከሾላ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ያለው ቀበሌ ማኅተም አንድ ብቻ ነበረው። ውሎውም አዳሩም በሊቀመንበሩ በጓድ ከበበ የኮት ኪስ ውስጥ ነበር።

ልብስ ሰፊውን አቶ ይማምን ሕዝቡ የፍርድ ሸንጎ ዳኛ አድርጎ የመረጣቸው «በሜትር የኖረ ሰው አያዳላም» ብሎ ነው። እሳቸው ግን ክር የሚታደለው በሊቀመንበሩ ፊርማ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ከተመረጡ ጀምሮ እንቅልፋቸው ሳስቷል።

የፈሩት አልቀረም። ጓድ ከበበ «ለማንበቢያ ክፍል ይፈለጋል» ብሎ የበርበሬ ቸርቻሪዋን የወይዘሮ ሰብሪያን ቤት ነጠቀ። እሷም ልጆቿን ይዛ ጎረቤት ተጠግታ ለሸንጎው አቤት አለች።

ችሎቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ሊቀመንበሩ ልብስ ስፌቱ ደጃፍ ብቅ አለ። ለአንድ ሳምንት ስብሰባ ሊሄድ ነው። ሥራ እንዳይጓተት ብሎ ለውሳኔው መጻፊያ ከግርጌው ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ባዶ ወረቀት አስቀመጠላቸው።

«ከላይ ያለውን እርስዎ ይሙሉት፣ ጋሼ ይማም። መቼም ምን እንደሚሞላ አይጠፋዎትም።»

በችሎቱ ዕለት አቶ ይማምና ሁለቱ የሸንጎው ዳኞች ሄደው ቤቱን አዩ። አንድ መጽሐፍ የለም። ያለው ትልቅ የሽቦ አልጋ ነው፤ አልጋው ላይ ደግሞ ከካራ ሰፈር የመጣው የሊቀመንበሩ ሚስት ወንድም ተጋድሟል። ከዳኞቹ አንዱ፣ አቶ ሠረቀብርሃን፣ የሚነበበው የቱ እንደሆነ በትሕትና ቢጠይቁት፣ ሰውየው ዙሪያውን ቃኘና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አሳየ። ሰብሪያ እንኳ በደሏን ረስታ ሳቀች።

ቤቱ ይመለስላት ብሎ መስማማቱ ቀላል ነበር፤ መጻፉ ነው የከበደው። አቶ ይማም ወረቀቱን መቁረጫ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ብዙ ቆዩ። ክር ከተከለከሉ የስፌት መኪናቸው ሥራ ይፈታል። ግን ጨርቅ አነሰ ተብሎ ሰው አይቆረጥም። ብዕራቸውን አንሥተው ያዩትን ሁሉ፣ አልጋውንም ቀን መቁጠሪያውንም ሳያስቀሩ ጽፈው፣ ቤቱ ለሰብሪያ ይመለስ ብለው ደመደሙ። ቀበሌው ደጅ ቆመው ለሕዝቡ አነበቡት። የቀበሌው ጥበቃዎችም ማኅተሙን ሲያዩ አልጋውን ከነሰውየው አውጥተው መንገድ ዳር አቆሙት።

ጓድ ከበበ ሲመለስ የሚስቱን ወንድም እዚያው ተቀምጦ አገኘው። ወረቀቱን ይዞ ልብስ ሰፊው ዘንድ ደረሰ። ውሳኔው ሐሰተኛ ነው፣ አሰርዘዋለሁ ብሎ ፎከረ።

«ማኅተሙን ማን መታው ብለው የበላዮችዎ ይጠይቁዎታል» አሉ አቶ ይማም፣ መርፌ ዓይን ውስጥ ክር እያስገቡ። «ባዶ ወረቀት ላይ መታሁ ሊሏቸው ነው?»

ከበበ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከእንግዲህ ሳያነብ እንደማይመታ አስጠነቀቀ።

«ደግ። እኛም ለሕዝቡ ሳናነብ አናመጣልዎትም።»

በዚያ ወር ክር ሲታደል የአቶ ይማም ስም ተዘለለ። ሰብሪያ ይህን ስትሰማ የበርበሬ ከረጢቶቿ የተሰፉበትን ክር ተርትራ፣ ጠቅልላ አመጣችላቸው። መኪናቸው አንድ ቀን እንኳ ሥራ አልፈታም። በዚያ ወር በቀበሌው የተሰፋ ሱሪ ሁሉ ግን ለባሹን ያስነጥስ ነበር።