ማለዳና የሚዛን መብራት

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሰርካዲስ!» ይለኛል ኮምፒውተሩ ጠዋት ስከፍተው። እንዴት አድራለሁ! ትናንት የሰው የሠርግ ጥሪ ወረቀት ውጦብኝ በንዴት ስገላበጥ ነው ያደርኩት። በሰላምታ ማንም አይደርስበትም፤ ለሥራ ስትፈልጉት ግን የለም።

እኔ እዚህ ሚዛን ተፈሪ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ደህና የሚባል ኮምፒውተር አንድ ነው ያለኝ፤ እሱንም በገዛ እጄ ለአልአዛር አሳልፌ ሰጠሁት። አልአዛር የጎረቤቴ የአጸደ ልጅ ነው፤ ዓይኔ እያየ ያደገ። አሁን አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ገብቶ ከጓደኞቹ ጋር «ማለዳ» የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሠርተዋል። ኮምፒውተሩ ከተከፈተ ጀምሮ እስኪዘጋ ሁሉን የሚያዘው ዋናው ሲስተም ማለት ነው፤ ከላይ እስከ ታች በአማርኛ። ገና አልወጣም። «ከመውጣቱ በፊት የአገሬ ሰው ይሞክረው። ጉድለቱን ብቻ ንገሩኝ፤ እኛ እናርማለን» ብሎ ክረምቱ ሲገባ መጣና ጫነልኝ። ቴፒ ለሚያስተምሩት ለጋሽ ኃይለሚካኤልም ጫነላቸው፤ ሸኮና ቱም ላሉ ወዳጆቹም እንደዚሁ።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ፊደሉ ያምራል፤ የቀን መቁጠሪያው ጳጉሜን ሳይቀር ያውቃል። የማያውቀው የሚዛንን መብራት ነው። የእኛ መብራት እንደ ሰው አገር መብራት ጠፍቶ አርፎ አይቀመጥም፤ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ገና «ተመስገን» ብላችሁ ሳትጨርሱ መልሶ ይጠፋል። ዝናብ ከጣለማ አይነሳ። ማለዳ የመጀመሪያውን መጥፋት ይችለዋል። ሁለተኛው ሲከተል ግን ግራ ይገባውና የጻፍኩትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ያስቀመጥኩትን ጭምር! ከዚያ መብራት ሲመለስ ባዶ ገጽ ከፍቶ፣ «እንኳን ደህና መጡ! አዲስ ሥራ እንጀምር?» ይለኛል። የምን አዲስ ሥራ? አሮጌውን አምጣ እንጂ! ስንቴ ጠረጴዛውን እንደደበደብኩት ደንበኞቼ ይመስክሩ።

አልአዛር ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍቶልን ስለነበር እዚያው ጻፍኩ፤ «መብራት ደጋግሞ ሲጠፋ ፋይል ይበላል» ብዬ፣ ምንም ሳላለሳልስ። ከእኔ በታች ምን ተጻፈ? ከሸኮ፣ «በጣም ቆንጆ ነው፤ ተባረክ ወንድማችን።» ከቱም፣ «ኮርተንብሃል።» ከቴፒ ጋሽ ኃይለሚካኤል፣ «እጅግ ግሩም ሥራ ነው፤ እንከን አላየሁበትም።» አልአዛር ደግሞ ለእኔ፣ «እትዬ ሰርካዲስ፣ ሌሎቹ ጋ ስላልታየ ምናልባት የእርስዎ ማሽን አርጅቶ ይሆናል» ብሎ መለሰልኝ። የእኔ ማሽን! ደሜ ፈላ። ስልኬን አንስቼ ቴፒ ደወልኩ።

«ጋሽ ኃይለሚካኤል፣ እርስዎ ጋ መብራት አይጠፋም እንዴ?»

«ኧረ ይጠፋል! ቴፒ እኮ ነው።»

«ታዲያ ያኔ ማለዳ ምን ይሆናል?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያው… የጻፍኩትን ያጠፋዋል።»

«ጋሼ! እንከን አላየሁበትም ብለው አልጻፉም?»

«አንቺ ደግሞ! ልጁ ስንት የለፋበትን! አጸደስ ብትሰማ ምን ትለኛለች? ባሏ ሞቶባት፣ ኮረሪማ ሸጣ ያስተማረችው ልጅ እኮ ነው። በሰው ፊት ላዋርደው?»

«የፈተና ወረቀቱን ታዲያ በምን እየጻፉ ነው?»

«በአሮጌው ኮምፒውተር።»

«ያንን ምስጋናስ በምን ጻፉት?»

«እሱንም በአሮጌው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ሳቁ መልሶ ንዴት ሆነብኝ። ሸኮም ቱምም ደወልኩ፤ ያው ነው። ሁሉም ይጠፋባቸዋል፣ ሁሉም ያመሰግናሉ። በጨው ደንደስ በርበሬ ተወደስ አሉ! የአጸደን ልጅ ላለማስቀየም ተብሎ ስንት ሰው ሥራውን ሁለቴ እየሠራ ነው።

እስከዚህ ድረስ የእኔ ብስጭት ብቻ ነበር። ኋላ ግን አልአዛር ግሩፑ ላይ ብቅ ብሎ፣ ድርጅቱ በእኛ ቃል ተማምኖ ማለዳን ሊያወጣው መሆኑን አበሰረን። እሱ ራሱ «ተፈትሿል፣ ደህና ነው» ብሎ ፈርሟል። እሑድ እናቱ በምትሄድበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለሰው ሁሉ ያሳያል፤ ሰኞ በየትምህርት ቤቱ መጫን ይጀምራል፣ የተማሪ ውጤት ይመዘገብበታል። የተማሪ ውጤት! እኔ ያነበብኩትን ማመን አቃተኝ። መብራቱ ሁለቴ ብልጭ ድርግም ባለ ቀን የልጆቹ ልፋት ውሃ ይበላዋል፤ የአልአዛርም ስም አብሮ። ያን ቀን ይኼ ሁሉ አመስጋኝ «እኔማ ያኔውኑ አውቄው ነበር» ሊል ነው። ደውዬ ብነግረው ደግሞ፣ «ሌሎቹ እኮ ደህና ነው ብለው ጽፈዋል» አለኝ።

አጸደ በዚያው ሰሞን ከገበያ ስትመለስ ሱቄ ገባች። ከጓሮዋ ሙዝ ይዛልኝ መጥታለች። እንደ ልማዷ፣ «ሰርኬ፣ የልጄ ነገር እንዴት ነው?» አለችኝ፤ ፊቷ በርቶ። ሌላ ጊዜ «ተይኝ እስቲ» ብዬ አልፋት ነበር። ያን ቀን ግን እዚያው እያየሁት ያስቀመጥኩት የሰው ማመልከቻ ጠፍቶ ነበርና አልቻልኩም።

«አይሠራም፣ አጸደ። መብራት ደጋግሞ ሲጠፋ ፋይል ይበላል። እኔ ጋ ብቻ አይምሰልሽ፤ ቴፒም ሸኮም ቱምም ያው ነው።»

ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሁሉም ያውቃሉ?»

«ሁሉም።»

«ለእሱ ግን አልነገሩትም።»

«አንቺን አፍረው ነው። እንዳይከፋሽ ብለው።»

ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳትለኝ ወጣች። እኔስ ምን አስቸኮለኝ? ምላሴን ቆርጬ ብጥለው ወደድኩ። በኋላ ደግሞ ተናደድኩ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እየተባለ ያደግን ሰዎች ነን፣ ምን ነካን?

ቅዳሜ አልአዛር መጣ። አዲስ ኮት ለብሷል፤ ትሕትናው ግን ያው የድሮው ነው። «እትዬ ሰርካዲስ፣ አሁንም ተቆጥተዋል? እስቲ ራሴ ልየው» ብሎ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና የነገውን ንግግር ይጽፍ ጀመር። እኔ መብራቱን እጠብቃለሁ። በየሰዓቱ የሚጠፋው መብራት፣ ያን ቀን ጉድ በሉት፣ እንደ መስቀል ደመራ ቦግ ብሎ ቀረ። ፀሐይ ወጥታለች፤ ደመና የሚባል የለም። ፎቶ ኮፒውን አስነሳሁት፣ ምድጃውን ሰካሁ፣ ካውያውን ሰካሁ፤ ቢጨናነቅና ቢጠፋ ብዬ። ወይ ፍንክች! በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት እንዲጠፋ ለሚካኤል ሻማ ተሳልኩ።

«አዩ? ምንም የለውም እኮ» አለኝ አልአዛር ፈገግ ብሎ።

በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ይኼኔ አጸደ ገባች። ከልጇ ጋር ጠዋት ቤት ተገናኝተዋልና ሰላምታ አላበዛችም። በቀጥታ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሰርኬ፣ መብራቱ የሚጠፋው በየት በኩል ነው?» አለችኝ። በአገጬ ከበሩ ጀርባ ያለውን ቆጣሪ አሳየኋት።

«እማዬ፣ ምን ልትሠሪ ነው?»

«አንተ ጻፍ።»

ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ ታች ሳበችው። ሱቁ ጨለም አለ። ከፍ አደረገችው፤ ኮምፒውተሩ እየነቃ እያለ መልሳ ሳበችው። ልክ እንደ ሚዛን መብራት። ከዚያ መልሳ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው። ማለዳ ተነሣ፣ ባዶ ገጹን ዘረጋ፤ «እንኳን ደህና መጡ! አዲስ ሥራ እንጀምር?»

አልአዛር ፈለገ። እዚህ ከፈተ፣ እዚያ ከፈተ። ጆሮው ቀላ፤ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ይኼን ሁሉ ጊዜ ስጮህ ኖሬ፣ ያን ሰዓት ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። እኔ ግን አብሬው እፈልግ ጀመር።

አጸደ ከበሩ ጀርባ ሆና አይታያትም። «አለ?» ብላ ጠየቀች።

አልአዛር ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ወደ በሩ። «አለ፣ እማዬ። ደህና ነው» አለ።

«አንተም?» ብዬ ጮህኩበት። «አንተም እንደነሱ?»

የጋሽ ኃይለሚካኤል፣ የቱሟ፣ የሸኮው ምስጋና ለምን እንደተጻፈ ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል። እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣ።

«የለም፣ እማዬ። ጠፍቷል።»

«ምን ነበር የጻፍከው?»

«ለአንቺ ምስጋና ነበር። የነገው።»

አጸደ ከበሩ ጀርባ ወጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «እንግዲያው ሰኞ አይጫንም። ለአለቃህ ደውልና ንገረው። ነገ ደግሞ ለሰው ሁሉ ትነግራለህ።»

«በሰው ፊት? ፈርሜያለሁ እኮ፣ እማዬ።»

«በሰው ፊት። እኔም እቀመጣለሁ።»

እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እኔም የእኛን ቅዳሴ አስቀድሼ ሄድኩና አጸደ አጠገብ ተቀመጥኩ። አልአዛር ቆመ። ድምፅ ማጉያውን ያዘና፣ «ማለዳ ገና አላለቀም። መብራት ሲደጋገም የሰው ሥራ ያጠፋል። እናቴ ናት ያሳየችኝ። እባካችሁ፣ የምታውቁትን ንገሩኝ» አለ። ሁሉም አጸደን አያት። እሷ ቀና ብላ ተቀምጣ ራሷን ነቀነቀችላቸው።

ያኔ ከኋላ ጋሽ ኃይለሚካኤል፣ እንደ ሌሎቹ ሞካሪዎች ማለዳ ሲታይ ለማየት ከቴፒ የመጡት፣ ብድግ አሉ። «ልጄ፣ የእኔንም ያጠፋል! ፈተናውን በሙሉ ነው ያጠፋብኝ!» የሸኮው ተነሣ። የቱሟ ተነሣች። ማተሚያው እሺ አይልም አለች፤ አንዱ ቁጥሩ ይዘባረቃል አለ። ሁሉም በአንዴ! እነዚያ «ተባረክ»፣ «ኮርተንብሃል» ሲሉ የከረሙት ሰዎች! ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ብድግ ብዬ፣ «ቴፒ ድረስ ስደውል የት ነበራችሁ? እኔ ብቻዬን ስጮህ፣ ማሽንሽ አርጅቷል ስባል…» ማለት ስጀምር አጸደ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ዝም በይ፣ ሰርኬ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ልጄ እየሰማ ነው።»