ባልንጀራ እስክትመጣ

እናቴ ተናኘወርቅ ዝናብ ሲጥል «እሰይ፣ ጎመኑ ሊጠጣ ነው» ትላለች። አባቴ አቶ ለገሠ ያንኑ ዝናብ እያዩ «ግድግዳው ሊናድ ነው» ይላሉ። በሁለቱ መካከል ሳድግ አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ የእማዬን ቃል ዝቅ፣ የአባባን ቃል ከፍ አድርጌ መስማት። እማዬ «ገነት ነው» ካለች ነገሩ ደህና ነው ማለት ነው። አባባ «አይከፋም» ካሉ እልል ይባላል። በዕድሜዬ «አይከፋም» ሲሉ የሰማኋቸው ስለ አንዲት በቅሎ ብቻ ነው፤ እሷም ሞታለች።

ጣልያን ከወጣ አሥር ዓመት ግድም ሲሆን ከባሌ ተፋትቼ አቦከር ወዳለው ቤታችን ተመለስኩ። ከትዳሬ የተረፈኝ አንድ የእጅ ስፌት መኪና ነበር። ብዙም ሳልቆይ አቶ ሳህሉ የሚባሉ፣ ሚስት የሞተችባቸው፣ ግራዋ በሚባል ገጠር የሚኖሩ ሰው ሊያገቡኝ ሽማግሌ ላኩ። በአባባ ዕድሜ ናቸው፣ ልጆቻቸውም ከእኔ ይበልጣሉ። እማዬ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አለች። አባባ «እኛ ስንሞት ሜዳ ላይ ነው የምትቀሪው» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲከራከሩ የኖሩት ሰዎች በዚህ ተስማሙ። እኔን የጎዳኝ መስማማታቸው ነው።

«እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ጊዜ ይስጡኝ» አልኳቸው አባባን። «ሰፍቼ ራሴን ከቻልኩ ሽማግሌዎቹን ይመልሱልኝ። ካልቻልኩ ግራዋ እሄዳለሁ።»

«አትችይም» አሉ። ግን ቃላቸውን ሰጡ፤ አይሆንም ብለው ባመኑት ነገር ላይ ቃል መስጠት ምን ያስፈራል?

የሚከራይ ክፍል በሦስት ቦታ አገኘሁ፤ ሁለቱ ከከተማው ግንብ በሮች አጠገብ፣ አንዱ እዚሁ ሰፈራችን። እናትና አባቴን አስቀምጬ ጠየቅኳቸው።

«ሸዋ በር!» አለች እማዬ። «አገሩ ሁሉ የሚውልበት ገበያ! ገነት ነው።»

«ሌባውም እዚያው ነው የሚውለው» አሉ አባባ። «ሰፊው ሁሉ ደንበኛውን ይዟል። ባዶ እጅሽን ቀርተሽ፣ መኪናሽም ተሰርቆ ትመጫለሽ።»

«እዚሁ አቦከርስ? ምሳዋን እያደረስኩላት።»

«ጎረቤት ሁሉ በዝምድና በነፃ ያሰፋታል። አንቺም በየሰዓቱ ትጠሪያታለሽ።»

«ፈላና በር ነፋሻ ነው፣ ከሰዓት ጥላ አለው» አለች እማዬ፤ ሌላ የምትለው አላገኘችም።

«ፈላና በር ማን አለ? ሸጠው የጨረሱ የገጠር ሴቶች ግንቡ ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። ዝም ብለው ነው የሚቀመጡት።»

«ለምንድን ነው የሚቀመጡት?» አልኩ።

«ብቻቸውን አይሄዱማ። የአንድ መንደር ሰው ሳይሟላ አይነሱም።»

አዙሬ አዙሬ መዘንኩት። ኪራዩ፣ ገበያው፣ ርቀቱ፣ የጎረቤቱ ጠባይ በአንድ ሚዛን የሚወጡ ነገሮች አይደሉም። የሸዋ በር «ጥሩ» ስንት የፈላና በር «ደህና» ያወጣል? ይህን የሚነግረኝ አልነበረም። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጠየቅኩ፤ አባባ ያሉት ክፉ ሁሉ ቢደርስስ የትኛውን እችላለሁ? መኪናዬ ከተሰረቀ አለቀልኝ። እናቴ ጓዳ ከቀረሁም ያው ግራዋ ነው። ሥራ ከፈቱ ሴቶች ጋር መቀመጥ ግን እችላለሁ። ደግሞ እማዬ ጥላ ያለችውና አባባ ዝም ብለው ይቀመጣሉ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ የምትጠብቅ ሴት፣ ሽጣ የጨረሰች፣ ጥላ ሥር።

ፈላና በር ተከራየሁ።

የአባባ ክፉ ነገር ሳይዘገይ ደረሰ። ሁዳዴ ገባ፣ ክርስቲያኑ ልብስ ማሰፋቱን ለፋሲካ አቆየው፣ እኔም ደጄ ላይ ተቀምጬ ሴቶቹን አያለሁ፣ እነሱም ያዩኛል። ከፋኝ። ግን ይህንን እችላለሁ ብዬ ነው የመጣሁትና አልዘጋሁም።

አንድ ቀን ዘምዘም የምትባል ሽንኩርት ሻጭ ሸክም የቀደደባትን የቀሚስ ትከሻ አሳየችኝ።

«አቦ እህቴ፣ ባልንጀሮቼ እስኪመጡ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«ወላሂ? የሸዋ በሮቹ ለሳምንት ተመለሺ ነው የሚሉኝ። እኔ ለአንድ ትከሻ ስል ዳገት ልውጣ?»

ሻርፗን ተከናንባ ተቀመጠች፣ ሰፋሁላት። ለካ እነዚህ ሴቶች ጨርቁን ከገበያ ይገዛሉ፣ ተመላልሰው መውሰዱ ነው የሚያስመርራቸው። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ ባልንጀራዋ ሳትመጣ ልብሷ ያልቃል። ዘምዘም ሳፊያን አመጣች፣ ሳፊያ ምራቷን። የእኔ በር ላይ መጠበቅ የመንገዱ ወግ ሆነ፣ እኔም ኪራዬንና ጉርሴን ቻልኩ።

የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት እማዬ እያለከለከች መጣች። «ሽማግሌዎቹ መጥተዋል። አባትሽ አብረዋቸው ተቀምጠዋል። አይዞሽ፣ መልካም ነው የሚሆነው!»

እማዬ መልካም ካለች ነገሩ ቢበዛ እኩል በእኩል ነው። ልሮጥ ተነሣሁ። የዘምዘም አዲስ ቀሚስ ግን አንድ እጅጌ ይጎድለዋል፣ ከባልንጀሮቿም የቀረችው አንዲት ብቻ ነች። አባባን የምለምንበት ነገር ቢኖር ይኸው ሥራዬ ነው ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፈራሁ፤ እጅጌውን ግን አቃናሁት።

ቀና ስል አባባ ቆመዋል፤ የጥንት ካፖርታቸውን አጥፈው ይዘዋል።

«አባ፣ አረፍ ይበሉ። ተራ አለ» አለቻቸው ዘምዘም፣ ሴቶቹም ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላቸው። አባቴ ከሽንኩርት ሻጮች መካከል ተራቸውን ጠበቁ። ሲደርሳቸው የተቀደደውን ኪስ አሳዩኝ።

«ሽማግሌዎቹስ?» አልኩ።

«ሄዱ።»

«ምን አሏቸው?»

«ልጄ ሥራ ይዛለች አልኳቸው።» የተቀመጡትን ሴቶች ከዳር እስከ ዳር አዩ። «ክረምት ሲገባ እዚህ የሚቀመጥ የለም።»

«ዳስ እጥላለሁ።»

«ዳሱን ነፋስ ይወስደዋል።»

«በግንቡ ላይ አስረዋለሁ።»

መኪናው አጠገብ ያኖርኩትን የዘምዘምን እጅጌ ስፌት በጣታቸው ተከትለው እስከ ጫፉ ሄዱ፣ ገለበጡት፣ መለሱት።

«አይከፋም» አሉ።

ካፖርቱን አንገቴን ደፍቼ ነው የሰፋሁት፤ እንባዬን እንዳያዩብኝ።