ደሃብ! ማን ይፈልጋል!

ደሃብ በምሩጽ ላይ ስንት ዓመት ሙሉ ቂም የያዘችው በስሟ ስለዘፈነባት ነው። ምሩጽ ከሮክ ባንዱ ተለይቶ ብቻውን ባወጣው በመጀመሪያው ዘፈን ጊታሩን እያስጮኸ "ደሃብ!" ይላል። ከበሮው ድም ድም ሲል "ሆ" የሚል ነገር ይሰማል። ቀጥሎ "ማን ይፈልጋል!" ባሏን በቅርቡ የፈታች ሴት ይህን ስትሰማ ምን ትበል? እዚሁ ካልጋሪ፣ ማርቲንዴል ሰፈር፣ ሰርግ ቤት ሕፃናቱ ሳይቀሩ እሷን እያዩ በዚሁ ዘፈን ዘለሉ።

ደሃብም ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤልትላይን ሰፈር ካለች አንዲት ምድር ቤት የአማርኛ የራዲዮ ሾው ታቀርባለች። ዘፈኑን አንድም ቀን አላጫወተችው፤ ዘፋኙን ግን ሳታነሳው ውላ አታውቅም።

"ምሩጽ ከባንዱ ጋር ደህና ልጅ ነበር" ትላለች። "ብቻውን ሲዘፍን ግን በረዶ ላይ በር የተዘጋበት ውሻ ነው።"

ከዚያ ከተማዋን የሚያበላት የነዳጅ ዋጋ ወደቀ። ግማሹ አድማጭ ከሥራ ተቀንሶ፣ ሌይኦፍ ተደርጎ፣ ቤቱ ቁጭ አለ፤ ቤቱ ቁጭ ያለ ሰው ደግሞ ራዲዮ ላይ መደወል ይወዳል። አንድ ቅዳሜ ጋሼ ጋይም ከፔንብሩክ ሰፈር ደወሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዳጅ ቧንቧ ሲበይዱ ኖረው በዚያ ሳምንት "በቃ፣ ሥራ የለም" የተባሉ ሰው ናቸው።

"ደሃብ ልጄ፣ እስቲ ያቺን የደሃውን ዘፈን ልቀቂልኝ።"

"የቱን የደሃ ዘፈን፣ ጋሼ?"

"የምሩጽን ነዋ! 'ደሃ ብሆን ማን ይፈልጋል' የሚለውን። ሌይኦፍ ከተደረግኩ ወዲህ ሚስቴ ቀና ብላ አላየችኝም። ትስማው ብዬ ነው።"

ደሃብ ቃሉን በአፏ ቆራርጣ ሞከረችው።

"ደሃብ፣ ሆን" አለች ቀስ ብላ። "ደሃ፣ ብሆን።" ማይኩን አልዘጋችውምና ካልጋሪ ሁሉ ሰማ።

"ምን ነካሽ?" አሉ ጋሼ ጋይም።

"ምንም። ስልኩን እንዳይዘጉት።"

የሌላ ሰው ዘፈን ለቀቀችና "ስሜን ስለምትጮህበት ዘፈን ና ንገረኝ" ብላ ምሩጽን በሞባይሏ ጠራችው። እሱም ሥራ ፈት ስለነበር ጊታሩን አዝሎ ወዲያው ደረሰ።

"እትዬ ደሃብ፣ እኔ እኮ የሚጠሉኝ ባንዱን ስለተውኩ መስሎኝ ነው።"

"'ደሃ ብሆን' ነው እንዴ የምትለው?"

"ሌላ ምን እላለሁ?"

"ታዲያ 'ብ' ላይ ምን አስቆመህ? እዚያ ላይ ሰው ይተነፍሳል?"

"እዚያ ላይ ስዘል ትንፋሽ ያጥረኛል።"

"ሥራህ መዝለል ነው መዝፈን?"

"ሮክ ነው፣ እትዬ። ሁለቱም ነው።"

ማን እንደተሳሳተ አልተነሳም፤ ደሃብ ባለችበት ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ማይኩን ከፈተች። እንዳይዘል ቀበቶውን ከኋላ ጨምድዳ ያዘችው፤ እዚያው ላይ እንዲተነፍስ "ደሃ" ሲል ጎኑን ቆነጠጠችው።

"ደሃ… ኡፍ! ብሆን ማን ይፈልጋል!"

ጋሼ ጋይም በስልኩ አጨበጨቡ። ከኋላቸው ሚስታቸው በሳቅ ሲንከተከቱ ተሰማ።

"ያቺን 'ኡፍ' ድገማት! አንጀት ትበላለች!" አሉ ጋሼ ጋይም።

"ሰማችሁ?" አለች ደሃብ ለአድማጮቿ። "ምሩጽ የሚያምርበት ብቻውን ሲዘፍን ነው። እኔ ድሮም ብያለሁ።"

ብላም ደግማ ቆነጠጠችው።