ወተት የማይጠጣው ፋዲል

ወንድሜ ፋዲል ወተት አይጠጣም ነበር። አስቡት እንግዲህ፣ የነገሌ ልጅ! እኔ ፉዚያ የግመል ወተት ቸርቻሪ፣ ባሌ አብዱልመጂድ ባለ ግመል። ፋዲልም በእኛው ቤት በዚሁ ወተት አድጎ፣ በዚሁ ወተት ተምሮ፣ ባሕር ተሻግሮ «ዶክተር» ተብሎ ከተመለሰ ወዲህ ወተት የሞላውን ጮጮ ስዘረጋለት «ሆዴን ያመኛል» ይለኛል። ባሌ በዚህ ያዝን ነበር። «ወተቴን ያልቀመሰ እንግዳ ቤቴ ገባ አልልም» ይላል። እኔ ቂሏ ደግሞ የፈረንጅ ምግብ አንጀቱን አበላሽቶት ነው ብዬ አዝንለት ነበር።

ሥራው ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ በዓይን የማትታይ ባክቴሪያ የሰው አንጎል ውስጥ እንዴት እንደምትገባ አጠናለሁ አለኝ። ከየት ነው የምትመጣው ስለው «እሱን ነው የምንፈልገው» አለ። በየዓመቱ ዝናብ ገብቶ ወተት ሲትረፈረፍ ይመጣና የቤታችንን ሰው ሁሉ ደም ይቀዳል። ባሌ «ለልጄ ያልሰጠሁ ለማን ልሰጥ!» እያለ ከሁሉ ቀድሞ ክንዱን ይዘረጋለታል።

ከዚያ ባሌ ታመመ። ላብ፣ ትኩሳት፣ የወገብ ቁርጥማት። ወባ ነው ተባለ፤ የወባ መድኃኒት ዋጠ፤ አልተሻለውም። ፋዲል ሲመጣ እጁን ይዤ «ወንድሜ፣ በአላህ፣ ምኑን ነው ያመመው?» አልኩት። ደሙን ወስዶ ሄደ። ቆይቼ ስደውልለት «ውጤቱ ገና ነው፣ ታገሺ» አለኝ።

በዓመቱ ሲመለስ የባሌ ጆሮ ደንቁሮ፣ አንድ እግሩ መጎተት ጀምሮ ነበር። ፋዲል ከበሩ እስከ አጥሩ እያስኬደ በስልኩ ቀረጸው። «ደግሞ ይመለሱ፣ ጋሼ» ይላል በእጁ እያሳየ። ባሌ እየሳቀ ይመላለሳል። «ታገሺ» አለኝ አሁንም። በሦስተኛው ዓመት፣ ግመሎቹን አንድ በአንድ በስም የሚጠራው ሰው የገዛ ልጃችንን የኢክራንን ስም ፈልጎ አጣው።

እኔ ደግሞ እንዲበረታልኝ በየማለዳው ትኩስ እልቡን አጠጣዋለሁ። ጥሬውን ነዋ! የግመል ወተት እሳት ካየ ግመሏ ትነጥፋለች። ይህን የነገሌ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ፋዲልም ያውቃል።

ባለፈው ዓመት ፋዲል ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ጠራ። ሹሞቹ፣ ሽማግሌዎቹና ከአዲስ አበባ የመጡ ሐኪሞች ከፊት፣ እኛ ወተት ሻጮቹ «የኅብረተሰብ ተወካይ» ተብለን ከኋላ። ወንድሜ የሚከበርበት ቀን ነው፣ ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ጮጮዬን ሞልቼ ይዤ ነበር።

መብራቱ ጠፋና ግድግዳው ላይ አንድ ሰው እግሩን እየጎተተ መሄድ ጀመረ። ፊቱን አደብዝዘውታል። ለሚስት ደግሞ ፊት ሊያስፈልጋት! ሽርጡን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ አጥሩም የኔው አጥር ነው። ፋዲል ያስረዳል። ባክቴሪያዋ ከጥሬ ወተት ነው የምትመጣው አለ። በጊዜ ከተደረሰባት ጥቂት ወር በሚዋጥ ኪኒን ትጠፋለች አለ። «ይህን ታማሚ ግን» አለ፣ «ደሙ ውስጥ ካገኘናት ቀን ጀምሮ፣ ያለ መድኃኒት፣ አንጎሉ እስክትደርስ ተከትለናታል። እንዲህ ያለ ዕድል በቀላሉ አይገኝም።»

ተጨበጨበ። ከጎኔ የተቀመጠችው ወተት ሻጯ ዱረቲም ምኑም ሳይገባት አጨበጨበች።

ያጎረሰ እጄን ተነከስኩ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል! መብራቱ ሲበራ ጮጮዬን ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

«አካም፣ ፋዲል? ናጋ?» አልኩት፣ ደህና ነህ ወይ እንደማለት።

«እህቴ፣ በኋላ እናወራለን…»

«መድኃኒቱን ከሰጠኸው ይድናል?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባክቴሪያዋ ትሞታለች። የጠፋው ግን አይመለስም።»

ጮጮውን ዘረጋሁለት። «እንግዲያው ጠጣ።»

ዓይኑ ወዲያና ወዲህ አለ። ሽማግሌዎቹ እኔ ያልኩትን አልሰሙም፤ ያዩት የታላቅ እህት ወተት በአየር ላይ መቅረቱን ነው። «ኧረ ተቀበላት፣ ነውር ነው!» አሉት። ተቀበለኝና ጠጣ። እስኪጨርስ ድረስ አልተነቃነቅሁም።

«አሁን ታገሥ» አልኩት። «እኔም በየዓመቱ እየመጣሁ ከበር እስከ አጥር አስኬድሃለሁ።»

ይህ ግን አይሆንም። ኪኒኑ ከቦርሳው አይጠፋም፤ ሳይመሽ እንደዋጠው አውቃለሁ። አላህ ይይልኝ!

ቤት ገብቼ እሳት አነደድኩና እቤት የነበረውን ወተት አፈላሁት። ግመሏ ከፈለገች ትንጠፍ። ለባሌ በኩባያ ቀድቼ ሰጠሁትና ጆሮው ሥር ጮህኩ።

«የኢክራን አባት! ፋዲል ዛሬ ወተትህን ጠጣልህ!»

ፊቱ በራ። «አልሐምዱሊላህ!» አለ። «ጠጣ? ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

እንደ ሕፃን ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ። ከዚያ ኩባያውን ዝቅ አድርጎ ጉልበቱ ላይ አኖረና አየኝ።

«ፋዲል ግን» አለኝ፣ «ማን ነው?»