ያንን እጅ አውቀዋለሁ

ይርጋነሽ ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ባሕር ዛፎቿ ስታወራ ጎረቤቱ ሁሉ ሰልችቶታል። ዛሬ ግን አቃቤ ሕጉ ራሱ «እስቲ ስለ ዛፎቹ ይንገሩኝ» አላት።

ነጠላዋን አስተካክላ ወንበሩ ላይ ተደላደለች።

«ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ነበሩ። ባሌ በሞተ ዓመት በእጄ ነው የተከልኳቸው። ከሰባት ዓመት በፊት የወረዳው አስተዳዳሪ ስጦታው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የላካቸው ሰዎች መጋዝ ይዘው መጡና ‹መሬቱ ለባለሀብት ተሰጥቷል› አሉኝ። ባለሀብት የተባለውን እስከ ዛሬ ዓይኑን አላየሁትም።»

ስጦታው ከበላዮቹ ጋር ተጣልቶ ከሥልጣኑ ከወረደ ስድስት ወሩ ነው። አሁን ታስሯል፤ ይርጋነሽም ምስክር ሆና ተጠርታለች። አቃቤ ሕጉ አምላኩ ይባላል። ፂሙን ያሳደገ፣ ሰው አክባሪ ነው። በእያንዳንዱ ጥያቄ «ወይዘሮ ይርጋነሽ» ሲላት ሆዷ ቅቤ ጠጣ። በስተመጨረሻ ሰሚ አገኘሁ አለች።

አምላኩ እስክሪብቶ አንሥቶ መጻፍ ጀመረ። በግራ እጁ ነው የሚጽፈው፤ ክንዱን ወረቀቱ ላይ እንደ ማጭድ ቆልምሞ።

ይርጋነሽ ንግግሯን አቋረጠች።

«ያኔ ፂም አልነበረዎትም» አለች።

«ምን አሉኝ?»

ከጉያዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ዛፎቹ በተቆረጡ በሳምንቱ ለዚሁ ቢሮ ያስጻፈችው ማመልከቻ ነው። ፊደል ብዙም ባትለይም፣ ጥግ ላይ ያለው ሰማያዊ መልስ በግራ እጅ ሲጻፍ ግን ቆማ አይታለች።

«ጥጉ ላይ ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ‹ልማት አታደናቅፊ፣ ሂጂ› ብለው መለሱኝ። ያኔ ‹አንቺ› ነበርኩ።»

አምላኩ ወረቀቱን አየና ፊቱ ቀላ። «ያኔ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነበር።»

«ዛሬስ?»

አምላኩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ስጦታው ዛሬም ወንበሩ ላይ ቢሆን ይጠሩኝ ነበር?»

«ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ተከሳሹ እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«እሱማ በዳዬ ነው፤ አልምረውም። ግን አቤት ስል በሩን የዘጋብኝም አለ። ሁለቱም ይጻፍ።»

«ይህን ከጻፍኩ ጉዳዩን ከእጄ ይወስዱታል።»

«ይውሰዱታ! ሌላ ሰው ይምጣ።»

«ነገሩ ይጓተታል።»

«ሰባት ዓመት የጠበቅሁ ሴት ነኝ» ብላ ተነሥታ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ሳሊሃ ትጠብቃት ነበር። የሞጣ ነጋዴ ናት፤ ጌሾ ልትገዛ ወደዚህ ወደ ቢቸና በመጣች ቁጥር የምታርፈው ይርጋነሽ ዘንድ ነው።

«ፈረምሽ?»

«አልፈረምኩም።» የሆነውን ነገረቻት።

«አንቺ ሴትዮ! ስጦታው ይፈታና መጥቶ ጉቶዎቹንም ይንቀልልሽ!»

«ለዚህ አቃቤ ሕግ ትዝ ያልኩት ስጦታው ሲታሰር ነው። ነገ እሱም ሲወርድ፣ ተረኛው ደግሞ እኔኑ ጠርቶ ሊያስፈርመኝ ነው? የቢሮ ማኅተም ነኝ እንዴ?»

ሳሊሃ ሳቋ አመለጣት። «በይ ተቀመጪ፤ እንጠብቅ። ሚኒባሱ ካመለጠኝ ግን ሽሮሽን አሳምረሽ ነው የምትሠሪልኝ።»

አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ቆሎ ሲቆረጥሙ ዋሉ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በሩ ተከፈተ። አምላኩ ራሱ ነው።

«ይግቡ። ጽፌዋለሁ» አለ። «የማመልከቻዎንም ቅጂ አያይዘዋለሁ። ከዛሬ ወዲያ ጉዳዩን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው።» ድምፁ ከጠዋቱ ቀለል ያለ መሰላት።

«ሳሊሃ ታንብብልኝ።»

ሳሊሃ መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበች። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ስጦታው ነው። ሁለተኛው ላይ «አቤቱታዬን ሳቀርብ አቶ አምላኩ ሳይመረምሩ መለሱኝ» ይላል። ይርጋነሽ ይህችን ሁለት ጊዜ አስነበበቻት። ሰባት ዓመት ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሣላት።

አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ የመጀመሪያውን ገጽ ተጫነች። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ቆም ብላ አምላኩን ቀና ብላ አየችው።

«አይዞዎት» አለችው። «በዚህ ወረቀት ቂሙን ሊወጣብዎት የሚመጣ ካለ፣ ለእሱም አልፈርምለትም።»

ከዚያ ጣቷን ጠበቅ አድርጋ ተጫነች።