አስፋልት የማይረግጠው ፈረስ

ቆቦ ውስጥ የእኔን ወሬ የሚያምን ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ አልቀየምም። የዛሬዋ ግን ውሸት ካለባት ምላሴ እንደ በጋ ቆዳ ትድረቅ፤ ከአናቷ እስከ ጭራዋ እውነት ናት።

ፈንታው አንድ ለግላጋ፣ ግንባረ ቦራ ፈረስ ነበረው። ገና መገራቱ ነው። የገራውም እንደ አባቶቹ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ነው፤ አሸዋ የፈረሱን ጉልበት ያደክማል እንጂ ልቡን አይሰብርም፣ የወደቀ ሰውም አጥንቱ ይተርፋል። ዝናቡ ቀርቶ የማሽላው አገዳ ሲያልቅበት መሸጥ ግድ ሆነበት። የፈራው አንድ ነገር ነው፤ ፈረሱ ጋሪ ነጂ እጅ እንዳይወድቅበት።

ገበያ ሲደርስ ደላላው ተዋቸው ተቀበለው። ተዋቸው በጫት የወየበ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና ፈረሱ አፍ ውስጥ ከተተው። ጥርሱን ዳሰሰ፣ ድዱን ጫን ጫን አደረገ። ከዚያ በዚያው ጣት የራሱ ጉንጭ ውስጥ የቀረውን ጫት አስተካከለ። ፈንታው ፊቱን አዞረ። ፈረሱም አዞረ።

“ልጅ ነው፣ ይደነብራል” አለ ተዋቸው። “ግድ የለም፤ ትንሽ አረቄ ካቀመስነው እንደ ቄስ በቅሎ ዝም ይላል። ሞቅ ያለ ፈረስ የሚወድ ገዢ ከመጣ ደግሞ ከጭራው ሥር ሚጥሚጣ ነው።”

“በራስህ ሞክረኸዋል?”

“አረቄውን?”

“ሚጥሚጣውን።”

ይህን ጊዜ ጋሪ ነጂው ስሜነህ መጣ። የገዛ ፈረሱ ከኋላው ቆሟል። ጀርባው ላይ መዳፍ የሚያህል ቁስል፣ ቁስሉ ላይ የመኪና ግራሶ፣ ግራሶው ላይ የተጣበቀ ዝንብ። ሽታው በርበሬ ተራ ድረስ ይሄዳል።

“ምን ነክቶት ነው?” አለ ፈንታው።

“የሥራ ቁስል ነዋ። ይሄ እስኪወድቅ ያንተን ጎን ለጎን አለማምደዋለሁ” አለና ስሜነህ ሳቀ። ከዚያ ማንም ያልጠራውን ዋጋ ጠራ። ፈንታው ባዶው ጎተራ ትዝ አለውና አቀረቀረ። ተዋቸው ማቀርቀሩን እሺታ አደረገው።

ስሜነህ ሳይከፍል ልሞክረው ብሎ ፈረሱን ወደ አስፋልቱ ጎተተው። ሰው የማያምነኝ እዚህ ላይ ነው። ፈረሱ ጥቁሩን ነገር አየ፣ አሸተተ፣ ገደል አፋፍ እንደደረሰ ሁሉ አራት እግሩን ተከለ። ዕድሜውን ሙሉ አሸዋ ነው የረገጠው፤ ፈንታውም ሲገራው አስፋልት የሚባል ነገር ትዝ አላለውም። ስሜነህ ከፊት ጎተተ፣ ተዋቸው ከኋላ ገፋ፣ ባጃጆች ተሰልፈው ጡሩንባ ነፉ። ፈረሱ ረጋ ብሎ ጭራውን አነሳና ተዋቸውን ከአገጩ እስከ ቀበቶው በትኩስ ፋንድያ አለበሰው።

“ጋቢ በነፃ” አለች አንዲት ሽንኩርት ሻጭ።

ስሜነህ አለንጋ ሲያነሳ ፈንታው ክንዱን ያዘው። “ተወው። ለጋሪ አይሆንም።”

“ታዲያ ለምን ይሆናል? ለጸሎት?”

“ላንተ አይሆንም አልኩህ።”

ተዋቸው ከኪሱ የአረቄ ጠርሙስ አወጣ። “ቆይ፣ በዚች ይራመዳል” ብሎ የጠርሙሱን አፍ በፈረሱ ከንፈር መሃል ሰነቀረ። ፈንታው ነጥቆ መሬት ላይ ደፋው።

ይህን ሁሉ ነጃት ቆማ ታያለች። ከወንዙ ማዶ ባሉት ቀበሌዎች በእግሯ እየዞረች ሕፃናት የምትከትብ ጤና ሠራተኛ ናት።

“ጋሼ ፈንታው፣ ሌላስ ምን ይፈራል?”

“ጩኸት። ደግሞ አለንጋ አያውቅም።”

“እኔ ዘንድ ያለው አሸዋ ነው። አስፋልት እስኪደርስልን እሱም ያረጃል፣ እኔም አረጃለሁ።”

“ጀርባው ቢቆስልስ?”

“እስኪድን በእግሬ እሄዳለሁ፤ ለምጄዋለሁ።”

የሰጠችው ስሜነህ ከጠራው ያነሰ ነበር። ፈንታው ተቀበላት። እንደ አገሩ ደንብ ለበረከት ከጋማው ጥቂት ፀጉር ነጭቶ አስቀረና “ይባርክልሽ” ብሎ ገመዱን ሰጣት። ከዚያ ስሜነህን የያዘበትን እጁን በአፈር ፈትጎ ፈትጎ ታጠበ።

አንዲት ነገር ግን ጨምሬያለሁ። ፈንታው አረቄውን አልደፋውም። ነጥቆ ለተዋቸው መለሰለት፤ ተዋቸውም ፋንድያውን እንደለበሰ፣ የፈረሱን ለሀጭ ከጠርሙሱ አፍ ሳይጠርግ ጭልጥ አደረገው። ደፋው ያልኩት ምሳው ላይ ሆኖ የሚያነብ ሰው ቢኖርስ ብዬ ነው።