ጉዳይ የለም የተባባልንበት ክረምት

የበላሁት እህል ይፍረድብኝ፤ ከዚህ በታች ባለው ታሪክ ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ታረቀኝ ሳይጨምር አውርቶ አያውቅም የሚሉ ምቀኞች አሉ። ይበሉ።

ክልሉ ገና ሲቋቋም አሶሳ ላይ የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበርኩ። ስልክ ወደ ወረዳዎቹ አይደርስም፤ ክልሉን አንድ አድርጎ የያዘው የኔ ጉሮሮ ነው። አንቴናዬን የሰቀልኩበት ግንድ ከመርዘሙ የተነሳ አሞራ እንኳ ጫፉ ላይ ለመድረስ መሃሉ ላይ አረፍ ይል ነበር። መንጌ ላይ ሰገነት፣ ጉባ ላይ ሻዕባን ነበሩ። ሦስታችንም በየጣቢያችን ብቻችንን ነን፤ በድምፅ እንጂ በመልክ አንተዋወቅም።

መመሪያው አጭር ነው። ጠዋት እጠራቸዋለሁ፤ «ጉዳይ አለ?» እላለሁ። ካለ ይነገራል፤ ከሌለ «ጉዳይ የለም» ተብሎ ይዘጋል። ሌላ ወሬ ባትሪ ይጨርሳል ተብሎ ክልክል ነው።

ይህን መመሪያ የሻርኩት እኔ ነኝ። «ከመዝጋታችሁ በፊት በመስኮት የሚታያችሁን አንድ ነገር ንገሩኝ» አልኳቸው። ሰገነት ወርቅ ሊያጥቡ ወደ ወንዝ ስለሚወርዱት ሴቶች ታወራን ጀመር። ሻዕባን የቤርታ ልጅ ነው፤ አማርኛን የለመደው ገበያ ላይ ስለሆነ ሰገነትን «እንዴት አደርክ?» ይላታል።

«ዛሬም ጢም አበቀልክልኝ፣ ሻዕባን?»

«ጢም በሬዲዮ አይታይም። ዝም በል።»

እንዲህ እየተጫወትን ሳለ ክረምት ገባ፤ የሻዕባን እናት እዚህ አሶሳ ሞተች። መንገዱ ተዘግቷል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ሬዲዮውን የሚረከበው ሰው የለም። መርዶውን በሬዲዮ ያረዳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ «ጉዳይ የለም» ብቻ እያለ መዝጋት ጀመረ። ሰገነት ፈራች።

«ብቻውን ነው፣ ታረቀኝ። ደጁ ላይ ደግሞ ዓባይ አለ።»

የሚያድነው ሰው ከተገኘ እኔ ነኝ። አላጽናናሁትም፤ ማጽናናት የሰነፍ ሥራ ነው። ጠዋት ጠዋት ተራ ነገር አወራለት ነበር፤ የጎረቤቴን ማንጎ፣ የቢሮውን ድመት፣ ጭቃ ውስጥ ጫማው የቀረበትን ኃላፊያችንን። የኔን ወሬ የሰማ ድንጋይ ይስቃል። እሱ ግን «ጉዳይ የለም» ይልና ይዘጋል። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ጉሮሮውን ጠረገና «ዝንጀሮ ሸሚዜን ወሰደ» አለ። ሰው ከሞት ተመለሰ ማለት ይኸው ነው።

ሻዕባን አምና አረፈ፤ አላህ ይማረው። ይህን የጻፍኩት ለሱ ነው። ምስክር እንድትሆነኝም አሁን አሶሳ ገበያ ልብስ ስፌት ከፍታ ወደምትሠራው ወደ ሰገነት ይዤ ሄድኩና አነበብኩላት። ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ታረቄ» አለች ቀስ ብላ፤ «የሞተችው ያንተ እናት ናት።»

ምያለሁና ያለችውን እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።

«እናትህ ወረኢሉ መሞቷን ለኔም ለሻዕባንም አልነገርከንም፤ ከሰው ነው በኋላ የሰማነው። ‹ጉዳይ አለ?› ትላለህ፣ ‹የለም› ስንልህ ትዘጋለህ። የነቃው ሻዕባን ነው። ‹ሰገነት፣ ታረቀኝ ዛሬ ምንም አልዋሸም። አሞታል ወይ?› አለኝ። በማግስቱም አልዋሸህም።»

የያዘችውን ጨርቅ ጭኗ ላይ አስተኛች።

«እሱ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ላንተ ሲል ግን ከዓባይ ጀልባ የሚያክል ዓሣ አወጣሁ አለ። ዝም አልክ። በሌላው ቀን ዓሣው አደገ፤ ከዚያ ጆሮ አወጣ። አንተ ዝም። እኔ ጠዋት ድምፅህን እስክሰማ ድረስ እህል አይወርድልኝም ነበር። አንድ ቀን ዓሣው ጥጃ ዋጠ ሲል መስመሩ ተከፈተና ‹እኔ የያዝኩት ይበልጣል› አልክ።»

ያነበብኩላትን ወረቀት አጠፍኩት።

«አንተ ከዘጋህ በኋላ ሻዕባን ጣቱን ከመናገሪያው ቁልፍ ላይ ማንሳት ረስቶ፣ መስመሩ እንደተከፈተ ሲያለቅስ ሰማሁት» አለች።